ሳይወድቅ ሳይመታ ጣፊያው ደማ፤ "ዕጢ ነበረበት" ተባልን

ታናሽ እህቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የሕክምና ባለሙያ ወይም ይሄን ያሳለፈ ሰው ካለ ትንሽ አብራሩልኝ። የታላቅ ወንድሜ ጣፊያ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ሆዱ ውስጥ ብዙ ደም ፈሶ ነበር። የመኪና አደጋ የለ፣ መውደቅ የለ፣ ጠብ የለ። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ "ጣፊያው ላይ ዕጢ አለ፣ የደማውም ከእሱ ነው፤ ምን ዓይነት እንደሆነ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት ሲመጣ እንነጋገራለን" አለን። በቃ፣ ይሄው ነው።

አሁን ነቅቷል፣ ያወራል፣ ተመስገን ነው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ዕጢ እንዴት እንዲህ ይደማል? ሰውስ ጣፊያው ላይ ዕጢ ይዞ እንዴት ሳያውቅ ይኖራል? ደግሞ መጀመሪያ ያመመው ሆዱን አልነበረም፤ ግራ ትከሻውን ነው። ትከሻና ጣፊያ ምን አገናኛቸው? ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚመጣልኝ ሁሉ ስለ አንድ ክፉ ካንሰር ነው። እውነት እሱ ብቻ ነው?

የሌሊት ተረኛ፦

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነኝ። ወንድምሽን ስላላየሁት ስለ ነገሩ በጥቅሉ ልንገርሽ።

ጣፊያ በግራ በኩል ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ተሸሽጎ የተቀመጠ ነው። የጤነኛ አዋቂ ሰው ጣፊያ 150 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። መጠኑ ይሄ ቢሆንም ልብ ከሚረጨው ደም 5 በመቶ የሚሆነው በእሱ በኩል ያልፋል። ሥራው ማጣራት ነው። ያረጁ ቀይ የደም ሴሎችን ያስወግዳል፣ ደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ይይዛል። በደም የራሰ ስፖንጅ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ አስቢው።

ከጣፊያው ከራሱ የሚነሱ ዕጢዎች ደግሞ ብዙዎቹ የሚበቅሉት ከደም ስር ሴሎች ነው። ዕጢው ውስጥ ያለው በአብዛኛው ደም የሞላባቸው ክፍተቶች ናቸው። ሲያድግ ሽፋኑን ይወጥረዋል። አንዳንዱ መሃሉ ደም አጥሮት ይሞታል። አንዳንዱ ከሽፋኑ ሥር ቀስ እያለ ይደማና ይጠራቀማል። አንድ ቀን ሽፋኑ አልችል ብሎ ይቀደዳል። ደሙ የሚሄደው ወደ ሆድ ክፍተት ስለሆነ ውጭ የሚታይ ነገር የለም። ትውከት ላይም ሰገራ ላይም አይወጣም፤ ጨጓራና አንጀት ውስጥ አልገባማ።

ሳይታወቅ መኖሩ አይግረምሽ። ጤነኛ ጣፊያ በእጅ አይዳሰስም፤ የሚዳሰሰው በጣም ሲያብጥ ነው። ዕጢው ሲያድግ አንዳንድ ሰው ግራ ጎኑ ላይ ክብደት ይሰማዋል፣ ወይም ጥቂት በልቶ ይጠግባል። በዚህ ማን ሐኪም ጋ ይሄዳል?

ትከሻው ደግሞ እንዲህ ነው። ከሳንባ ሥር ያለውን ድያፍራም የሚባል የመተንፈሻ ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚነሳው ከአንገት ነው። የትከሻ ቆዳም ስሜቱን የሚልከው ወደዚያው የአከርካሪ ክፍል ነው። የፈሰሰው ደም ድያፍራሙን ከሥር ሲያስቆጣው አእምሮ ሕመሙን ከትከሻ የመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። የኬር ምልክት ይባላል። ሰውየው ሲጋደም ይብስበታል። ትከሻው ተነካክቶ ምንም ሳይገኝበት ሲቀር፣ ፊቱም ከገረጣ፣ ወደ ሆድ ማየት ነው።

ጠርጣራው፦

ለእኔ አልተዋጠልኝም። ጣፊያ ሳይመታ አይቀደድም። ኳስ ሲጫወት ክርን አግኝቶት ይሆናል። በር ገጭቶት ይሆናል። ሰው ትንሽ ነገር ይረሳል።

የሌሊት ተረኛ፦

ጠርጣራው ወንድሜ፣ ጥያቄህ ድንገተኛ ክፍል ውስጥም መጀመሪያ የሚነሳው ነው። አብዛኛው የጣፊያ መቀደድ በእርግጥም ከአደጋ ነው። ያለ አደጋ የሚቀደደው ግን ተረት አይደለም። በ2009 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ 845 እንዲህ ዓይነት ታማሚዎችን ሰብስቦ ነበር። 30 በመቶ ያህሉ ላይ ምክንያቱ ዕጢ ወይም የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። 27 በመቶ ያህሉ ላይ ኢንፌክሽን ነው፤ ወባንና ሞኖኑክሊዮሲስ የሚባለውን የቫይረስ በሽታ የመሳሰሉ። ከቀሩት ውስጥ የቆሽት መቆጣት አለ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አለ። ጣፊያው ሙሉ ጤነኛ ሆኖ የተቀደደባቸው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከጠቅላላዎቹ 12 በመቶው በዚሁ ሞተዋል።

ከዕጢዎቹም ቢሆን ብዙዎቹ የደም ካንሰር ዓይነቶቹ ሊምፎማና ሉኪሚያ ናቸው። እዚህ የምናወራው ከጣፊያው ከራሱ የሚነሳ የደም ስር ዕጢ ከዚያም ውስጥ ጥቂቱ ነው። ብዙ ሐኪም በሥራ ዘመኑ አንድም ላያጋጥመው ይችላል።

የተወጠረ ሽፋን ላይ ደግሞ ኃይለኛ ሳል ወይም ማስታወክ ይበቃል። ያንን "ተመታሁ" ብሎ የሚናገር ሰው የለም።

ጠርጣራው፦

ቁጥር ካለ ይሁን። አንድ ነገር ግን ልጨምር። "ማንም አልነካኝም" ያለ ሁሉ እውነቱን ነው ማለት አይደለም። የተደበደበ ሰው ዝም የሚልበት ምክንያት ብዙ ነው።

ጓንት ለባሿ፦

ይሄ ልክ ነው። ለዚህ ነው ቤተሰብ ወጥቶ ታማሚው ብቻውን ሲሆን ደግመን የምንጠይቀው። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው።

እኔ ስለ ደም ግፊት ልናገር፤ ሰው የሚታለለው እዚያ ላይ ነው። አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። ወጣትና ጤነኛ ሰው ሲደማ ሰውነቱ የእጅና የእግር ደም ስሮችን አጥብቦ፣ ልቡን አፍጥኖ ግፊቱን ይዞ ያቆያል። ግፊቱ ቁልጭ ብሎ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከደሙ 30 በመቶ ያህሉ ከሄደ በኋላ ነው። አንድ ሊትር ተኩል ማለት ነው! ስለዚህ "ግፊቱ ደህና ነው" ተብሎ ቁጭ አይባልም። እኔ ቀድሜ የማየው የልብ ምቱን፣ የእጁን ቅዝቃዜና ላቡን ነው። መቁነጥነጥ ሲጀምር፣ "ውሃ ስጡኝ" ሲል፣ ያለ ምክንያት ሲበሳጭ ደስ አይለኝም።

ሄሞግሎቢንም፣ የቀይ ደም መጠን የሚታይበት ቁጥር፣ መጀመሪያ ላይ ያታልላል። የሚፈሰው ሙሉ ደም ነው፣ ሴሉም ፈሳሹም አብረው ይሄዳሉ። የቀረው ደም ወዲያው አይቀጥንም። ቁጥሩ የሚወርደው ሰውነት ወይም እኛ ፈሳሽ ስንጨምርበት ነው። የመጀመሪያው ውጤት ኖርማል ሆኖ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያሽቆለቆለ ብዙ ታማሚ አይቻለሁ።

አልጋው አጠገብ የሚደረገው ፈጣን አልትራሳውንድ "ሆድ ውስጥ ፈሳሽ አለ ወይ?" ለሚለው ጥሩ መልስ ይሰጣል። ከየት እንደመጣ ግን ሁልጊዜ አይናገርም። ታማሚዋ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ከሆነች መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ነው፤ ከማህፀን ውጭ የተቀመጠ እርግዝና ከጣፊያ በጣም ይቀድማል። ሰውየው ከተረጋጋ ሲቲ ስካን በኮንትራስት፣ ደም ስሮችን አጉልቶ በሚያሳይ መድኃኒት፣ ይነሳል። ዕጢው ብዙ ጊዜ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ካልተረጋጋ ግን ምስል አይጠበቅም፤ ደም እየተሰጠው ቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና።

ማይክሮስኮፕ፦

ታናሽ እህቱ፣ እኔ ፓቶሎጂ ውስጥ ነኝ። ውጤቱ ለምን እንደሚዘገይ ልንገርሽ፤ ቤተሰብ "ረሱን" ብሎ ይጨነቃል።

ጣፊያ ቶሎ የሚበላሽ አካል ነው። ሙሉውን ፎርማሊን የሚባለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ብትጥይው ፎርማሊኑ መሃሉ ሳይደርስ ውስጡ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገና ትኩስ ሳለ ተቆርጦ ነው የሚነከረው። ከዚያ ዕጢው ከብዙ ቦታ ይወሰዳል፤ አንዱ ጫፍ ንጹህ መስሎ ሌላው ክፉ ሊሆን ይችላል። በተለይ የተቀደደውና የደማው ቦታ አስቸጋሪ ነው፤ ከረጋ ደም በስተቀር ምንም ላይታይበት ይችላል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ በተለመደው ቀለም ይታያል። ካልለየ ተጨማሪ የፕሮቲን ቀለሞች ይታዘዛሉ። ሲዲ 31 እና ሲዲ 34 የሚባሉት ዕጢው ከደም ስር መምጣቱን ይመሰክራሉ። ሲዲ 68 እና ሲዲ 21 ደግሞ አንዱን ዓይነት ከሌላው ለመለየት ይረዳሉ።

ዓይነቶቹን በተመለከተ፣ ከጣፊያ ዕጢዎች ገር ከሆኑት፣ ማለትም ካንሰር ካልሆኑት፣ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሄማንጂዮማ ነው። አብዛኛው ትንሽ ነው፣ ሰውየው ሳያውቀው ይዞት ያረጃል። በጣም ሲተልቅ ሊቀደድ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ፕሌትሌት የሚባሉትን ደም የሚያረጉ ሴሎች እየበላ የደም መርጋትን ያዛባል። ሃማርቶማ አለ፣ የጣፊያው የራሱ ሥጋ ተዘበራርቆ ያደገ ነው። ሊምፋንጂዮማ አለ፣ በልጆች ላይ ይበዛል። ሊቶራል ሴል አንጂዮማ የሚባለው በ1991 ነው ለብቻው ተለይቶ የተጻፈው። የሚነሳው ጣፊያ ውስጥ ብቻ ካሉ ሴሎች ነው። አብዛኛውን ጊዜ ገር ነው፤ ነገር ግን ባለቤቶቹ ላይ ሌላ ቦታ ሌላ ካንሰር አብሮ የተገኘባቸው ብዙ ስለሆኑ ቀሪው ሰውነትም ይፈተሻል። በ2004 ስሙን ያገኘ ሌላም አለ፣ ስሙ ከዚህ መድረክ ይረዝማል፤ ጠባሳ የሚመስል መሃል አለው፣ ገር ነው።

አንቺ ያነበብሽው ስለ አንጂዮሳርኮማ፣ ስለ ደም ስር ካንሰሩ፣ ይመስለኛል። አልደብቅሽም፣ ክፉ ነው። ሲገኝ ብዙ ጊዜ ጉበት ደርሷል። ከሦስት ወይም ከአራት ታማሚ አንዱ የሚመጣው ጣፊያው ተቀድዶ ነው፤ ለዚህ ነው "ጣፊያ፣ ዕጢ፣ ደም" ብለሽ ስትጽፊ እሱ የሚመጣልሽ። ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው፤ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ሰው 2 ገደማ። ስለ መደበኛና ገር ነገር ማንም ሪፖርት አይጽፍም፣ ኢንተርኔቱም የሚያሳይሽ የተጻፈውን ነው።

ድንገት የተገኘብኝ፦

ክሩን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ለኩላሊት ጠጠር አልትራሳውንድ ስነሳ ጣፊያዬ ላይ "ትንሽ እባጭ አለ" ተብዬ ነበር። ሁለት ሴንቲሜትር አይሞላም። ዶክተር፣ ልፈነዳ ነው? መርፌ ገብቶ ናሙና ቢወሰድስ?

የሌሊት ተረኛ፦

አይዞህ። እንዲህ በአጋጣሚ የሚገኙ፣ ሕመም የሌላቸው፣ ሌላ ቦታ ካንሰር በሌለበት ሰው ላይ የታዩ ትንንሽ እባጮች አብዛኞቹ ገር ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው በሲቲ ወይም በኤምአርአይ ጠባዩን አይቶ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ማነጻጸር ነው። ካላደገ ይተዋል። ካደገ፣ ካመመህ፣ ወይም ምስሉ ካላማረን ነው ስለ ማውጣት የምናወራው። ከዚህ በፊት ካንሰር ታመህ ታውቃለህ? ከሆነ ሒሳቡ ይለያል፤ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር፣ የጡትና የሳንባ ካንሰር ጣፊያ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ።

መርፌውን በተመለከተ፣ ሲያስፈልግ ይደረጋል፤ ሊምፎማ ሲጠረጠር ለምሳሌ። የደም ስር ዕጢ በሚመስል ነገር ላይ ግን ብዙዎቻችን እጃችን ይሰበሰባል። ሊደማ ይችላል፣ ክፉ ከሆነም ሴሉን ሊበትን ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ስለ እባጩ ለሐኪምህ ንገረው፤ በራስህ ግን አታቋርጥ።

የቤት እንስሳት ሐኪም፦

ከርዕስ ትንሽ ልውጣና ልመለስ። እናንተ በዕድሜ ልክ አንዴ የምታዩት ነገር እኛ ጋ የዘወትር ነው። በዕድሜ የገፋ ውሻ፣ በተለይ ጀርመን ሼፐርድ ወይም ጎልደን ሪትሪቨር፣ ጠዋት ሲሮጥ የነበረ፣ ከሰዓት ድዱ ነጭ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ይመጣል። ጣፊያው ላይ ያለ ሄማንጂዮሳርኮማ ተቀድዶ ነው። በሰው አንጂዮሳርኮማ ከሚባለው ጋር በጣም ይቀራረባል። የሰውን በሽታ የሚያጠኑ ሰዎች ውሾቹን የሚከታተሉትም ለዚህ ነው፤ ከሰው ታማሚ በቂ ቁጥር አይገኝማ።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አንዳንዱ ውሻ ደከም ይልና በማግስቱ ይነሳል። ደሙ ፈሶ፣ ረግቶ፣ ቆሞ፣ ሰውነቱ መልሶ መጥጦት ነው። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይወድቃል። ሰው ላይም እንዲህ ይሆናል?

ጓንት ለባሿ፦

ይሆናል። ሽፋኑ ሥር የተያዘ ወይም ራሱን የደፈነ ደም ሰውየውን "ለቀቀኝ" ያሰኘዋል። ራሱን ስቶ ነቅቶ፣ ጎኑን እያመመው "ደህና ነኝ፣ ቤቴ ልሂድ" የሚል ሰው ሲመጣ ቶሎ አንሸኘውም።

ታናሽ እህቱ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ቃል መጥቷል። "ከደም ስር የመጣ ነው፣ አደገኛ አይመስልም፣ ግን ተጨማሪ ቀለም እየተሠራ ነው" ተብለናል። ማይክሮስኮፕ፣ አንተ ከዘረዘርካቸው ገሮቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ነገር ይከነክነኛል። ዶክተር፣ ዕጢው ብቻ ወጥቶ ጣፊያው ሊተርፍ አይችልም ነበር? ሲቀደድስ ሆዱ ውስጥ የተበተነ ነገር የለም?

የሌሊት ተረኛ፦

በአደጋ ሲሆን ጣፊያን ለማትረፍ እንታገላለን። በእግር ወይም በእጅ ደም ስር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የጣፊያውን ደም ቧንቧ ከውስጥ መድፈን አለ፤ ኢምቦላይዜሽን ይባላል። ዕጢ ሲደማም ታማሚው ከተረጋጋ ጊዜ ለመግዛት ይጠቅማል። ግን ዕጢው እዚያው ይቀራል፣ ምን እንደሆነም አይታወቅም። ከፊል ጣፊያ ማስቀረትም የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ቀድሞ ታውቆ፣ ሳይደማ፣ ዕጢው ጫፍ ላይ ሲሆን። ሆዱ በደም ተሞልቶ ግፊቱ እየወረደ ያለ ሰው ላይ ግን ማንም አይሞክረውም። የጣፊያውን ሥር ይዘሽ ትቆልፊያለሽ፣ ታወጫለሽ፣ ሕይወቱ ይተርፋል።

ስለ መበተኑ ጥሩ ጠየቅሽ። ዕጢው ገር ከሆነ አያሳስብም። አንጂዮሳርኮማ ከሆነ መቀደዱ ራሱ ነገሩን ያከብደዋል፤ ሴሎቹ በሆድ ውስጥ ሊዘሩ ይችላሉ። ሳይቀደድ የወጣላቸው ሰዎች የተሻለ ዕድል ያላቸውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ የማይነገር ነገር አለ። ጤነኛው የጣፊያ ሥጋም ቁርጥራጩ ሆድ ዕቃ ላይ ተጣብቆ፣ ደም ስር አብቅሎ ሊኖር ይችላል። ስፕሌኖሲስ ይባላል። ከዓመታት በኋላ በሌላ ምክንያት ሲቲ ሲነሳ "ሆዱ ውስጥ ብዙ እባጮች አሉ" ተብሎ ቤተሰብ ይደናገጣል። ያኔ የሚያየው ሐኪም ጣፊያው ተቀድዶ መውጣቱን ማወቅ አለበት። በሙቀት የተጎዱ ቀይ ሴሎችን በጨረራ ምልክት አድርጎ በሚሠራ ስካን ይለያል፣ መቆረጥ አያስፈልግም። የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ቅጂ ያዙ።

ያለ ጣፊያ፦

እኔ በሊምፎማ ምክንያት ጣፊያዬ ወጥቶ ዓመታት አልፈዋል። እሠራለሁ፣ እሮጣለሁ፣ ምንም አልጎደለብኝም። ሦስት ነገር ግን ቀልድ አይደለም።

አንደኛው ክትባት ነው። ኒሞኮከስ፣ ሜኒንጎኮከስ እና ሂሞፊለስ ለሚባሉት ባክቴሪያዎች። ቀጠሮ ተይዞለት የሚወጣ ሰው ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት ይከተባል። በድንገተኛ የወጣለት እንደ ወንድምሽ ያለ ሰው ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው 14 ቀን ገደማ በኋላ። አንዳንዶቹ ይደገማሉ። የኢንፍሉዌንዛው በየዓመቱ ነው። ድንገተኛ ሲሆን ይሄ ነገር መሃል ላይ ይወድቃል፤ የቀዶ ሕክምናው ክፍል የክትትሉ ሐኪም ይሰጣል ይላል፣ የክትትሉ ሐኪም ተሰጥቷል ብሎ ያስባል። እናንተ ጠይቁ።

ሁለተኛው ትኩሳት። ጣፊያ የሌለው ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲለው እስኪነጋ አይጠብቅም። ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። እኔ አንቲባዮቲክ ሁሌም አጠገቤ አለ፤ በሐኪሜ ትእዛዝ የመጀመሪያውን እውጥና ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት። አደጋው የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፣ ግን ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ውሻ ቢነክሰኝ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም እሄዳለሁ። ወባ ያለበት ቦታ ስሄድ መከላከያ ሳልወስድ አልነሳም።

ሦስተኛውን ዶክተሩ ቢያስረዳ ይሻላል፤ ፕሌትሌት ይጨምራል ብለውኝ ነበር።

የሌሊት ተረኛ፦

አዎ። ከፕሌትሌቶቻችን ሲሶ ያህሉ ጣፊያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እሱ ሲወጣ ደም ውስጥ ያለው ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይዘላል። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይወርዳል። ነገር ግን ወደ ጉበት በሚሄደው ትልቁ ደም ስር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ከሐኪም ቤት ከወጣ በኋላ ሆዱን አዲስ ሕመም ካመመው፣ ካተኮሰው ወይም ካስታወከው "የስፌቱ ነው" ብላችሁ አትቀመጡ።

ታናሽ እህቱ፦

እሺ ዶክተር፣ ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ነገ ቀጠሮ አለን። ክትባቱንና ሪፖርቱን እጠይቃለሁ። ውጤቱ ላይ ሌላ ባለሙያ እንዲያየው ብንፈልግ እንደገና ናሙና ይወሰድበታል?

ማይክሮስኮፕ፦

አይወሰድም። ዕጢው በፓራፊን (ሰም) ብሎክ ተደርጎ ለዓመታት ይቀመጣል። ሌላ ፓቶሎጂስት ጋ የሚላከው ብሎኩ ወይም ከእሱ የተቆረጠው ስላይድ ነው። እንዲህ ብርቅ በሆነ ዕጢ ላይ መጠየቁ ማንንም አያስቀይምም፣ እኛም ራሳችን እንልካለን። የናሙናውን ቁጥር ብቻ ከሪፖርቱ ላይ ገልብጠሽ ያዢ። ሊቶራል ሴል ከሆነ ደግሞ ቀሪው ሰውነት መቼና በምን እንደሚፈተሽ ጠይቂያቸው።